ከሚዛን በፊት ጉርሻ
እኔ ሲጨንቀኝ እጄ አያርፍም። ቅዳሜ ልጄ ሃና ጥንቸሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታወዳድር ከቤታችን ከቡርንስቪል ሴንት ፖል ሄድን። የሷ ዓይነት ትንንሽ ጥንቸሎች ከተወሰነ ክብደት ካለፉ ከውድድር ይወጣሉ፤ ጠዋት ቤት ስንመዝናት ልክ አፋፉ ላይ ነበረች። የሚዛኑ ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሰዓት አያለሁ። ሃና ዞር ስትል ጥንቸሏን ካሮት አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩላት፤ ሠለስኩም።

ዳኛዋ ሚዛን ላይ አስቀምጣት ራሷን ነቀነቀች። “ሶሪ፣ ከልኩ አልፋለች።”

“ዳድ!” አለች ሃና፣ ኪሴን እያየች። “ፊድ አደረግካት እንዴ?”

የካሮቱ ቅጠል ከኪሴ ብቅ ብሏል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ያሉት አባቶች፣ ሦስቱ እስከ ቡርንስቪል ድረስ እንደሚያስኮርፍ አልነገሩኝም።