እጁን ያነሳው በረኛ

ነይ የትምዬ፣ ነይ ግቢ። እግርሽንም ተይው፤ የዲላ ጭቃ እንኳን የሰው እግር የጣልያንን ካሚዮን ይዞ ያስቀራል። ዘንድሮ ዝናቡን ምን ነካው? ሰሌን ላይ የተሰጣ ቡና አንድ ቀን ፀሐይ ሳያይ ሻገተ እኮ። ተቀመጪ። ጠጁ ላንቺ አይስማማሽም፣ ብርዝ ልቅዳልሽ፤ ማሩ የኮንጋ ነው።

ፀዳለስ ደህና ናት? ... እሰይ። ሰማሁ እኮ! እሑድ ሽማግሌ ይመጣል አሉ። ... ታዲያ ስለ ልጁ ጠባይ እኔን ልትጠይቂ መጣሽ? እኔን አሰፋችን? እኔ ከጠጅና ከኳስ ሌላ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው? ግን ግድ የለም፣ በኳሱ በኩል አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ከሚጠብቀው በር ጀርባ ቆሜያለሁ። ጀርባውን እናቱ እንኳ እንደኔ አታውቀው።

ክፉ ነገር ከአፌ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ። የሰው እንጀራ አልዘጋም። ደግሞም ይቺ ግድግዳ ስስ ናት፤ ከወዲያ በኩል የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ተከራይቶባታል ... ስለዚህ መልካም መልካሙን ብቻ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገር ቁመናው! ልጅሽ ዓይን አላት። እንደሱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው በጌዴኦ ምድር ፈልጊ፣ አታገኚም። ሌላው ሰው ይጎብጣል፣ ይሮጣል፣ ይወድቃል፤ እሱ ቀጥ! ቆይ፣ እንዴት ቀጥ እንደሚል እነግርሻለሁ።

"አሰፋች አብዳለች፣ ጠጅ ቤቷን ዘግታ ኳስ ትከተላለች" ይሉኝ እንደነበር ሰምተሻል። ልክ ናቸው፣ አብጄ ነበር። ልጆቹ ፍስሐ ገነት ሊጫወቱ ሲሄዱ ካሚዮን ላይ፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄጃለሁ፤ ስመለስ ሦስት ቀን ወገቤን ይዤ ተኛሁ። አሥራ አንዱንም ሸሚዝ በአቡጀዲ አሰፍቼ እንሶስላ ውስጥ ዘፍዝፌ ያቀላሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙ ለቀቀና ልጆቹ ከአንገት እስከ እግር ሙሽራ መሰሉ። የይርጋጨፌ ሰው ምን ያህል እንደሳቀብን! ... ሳቁ፣ ይሳቁ። መሳቅ ለማን ያንሳል፣ ሁለት ዓመት ሲያሸንፉን። አንዴ ጭቃው አሸነፈን አልን። አንዴ ዳኛው የነሱ አማች ነው አልን። አንዴ ደግሞ ረመዳን ሆኖ ሸምሰዲን በባዶ ሆዱ ሮጦ ሮጦ ከበሩ ፊት ተዘረጋ። አለቃቸው እኮ እሱ ነበር፣ የሱቅ ነጋዴው ሸምሰዲን። እኔ ግን ሁልጊዜ "የሚቀጥለው እሑድ የኛ ነው" እላለሁ። እንደዚህ ያለ ተስፋ ለባሌ አሳይቼው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አብሮኝ ይኖር ነበር።

በመጨረሻ ለገብርኤል ተሳልኩ። ይርጋጨፌን እናሸንፍ እንጂ ባለ ዘርፍ ጥላ አገባለሁ አልኩ። ጥላውንም አስቀድሜ ገዛሁት! ያውልሽ፣ ማገሩ ላይ የተንጠለጠለው። ክሩ እንኳ አልተፈታም።

ያን እሑድማ ... የትምዬ፣ ያን እሑድ በረኛችን ኳስ የሚያይበት ዓይን ነበረው። እውነቱን ልናገር፣ አልዋሽበትም። ከላይ መጣ፣ ያዘ። ከታች መጣ፣ ወደቀበት። የይርጋጨፌው ግራኝ ሦስት ጊዜ ብቻውን መጥቶ ሦስት ጊዜ ባዶውን ሄደ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ "እጅህ ይባረክ!" እላለሁ። ብዬ መረቅሁት እኮ በገዛ አፌ! ዜሮ ለዜሮ ነው፤ ፀሐይ ወደ ተራራው አዘንብላለች። ሸምሰዲን አንድ ሊያገባ ትንሽ ቀረው ስንል ...

ስንል የጣልያኑ ሹም፣ የኮማንዳንቱ አውቶሞቢል በላይኛው መንገድ ብቅ አለ።

ሕጉን ታውቂዋለሽ። እሳቸው ሲያልፉ ቆሞ፣ ቀኝ እጅን ዘርግቶ ሰላም ማለት ነው። ግን ኳስ ላይ ያለ ሰው መንገድ ያያል? ሜዳ ላይ ያለው ሃያ አንዱ ሰው ኳሱን ያያል። እኔም ኳሱን ነው የማየው። ግራኙ እግሩን አንስቷል! አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጨዋ ሰው ብቻ መንገዱን አየ። ተረከዙን ገጠመ። ደረቱን ነፋ። ቀኝ እጁን እንደ ጦር አነሳ ... ኳሷም በብብቱ ሥር፣ እንግዳ በክፍት በር እንደሚገባ፣ ዝግ ብላ ገባች።

ዘወር ብሎ እንኳ አላያትም። እንዲህ ያለ ጨዋነት የት ይገኛል? ሌላው ቢሆን ለኳስ ብሎ ሹም ይንቅ ነበር። አንዳንድ ክፉ ሰዎች "እጅ ሰጠ" ይላሉ። እኔ እጅ ነሳ እንጂ እጅ ሰጠ አላልኩም። አልወጣኝም።

ታዲያ የሚገርምሽን ልንገርሽ። ይርጋጨፌዎች አግብተዋላ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ይዘላሉ። ኮማንዳንቱ ቆሙና አዩዋቸው፤ ሰላምታ መሰላቸው! "ጎበዞች" ብለው ፈገግ አሉ አሉ። የኛዎቹ አሥሩ ደግሞ፣ ምን ያድርጉ፣ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። እኔም ጭኜ ነበር። በእናቴ ሞት እንኳ እንደዚያ አልጫንኩም። ኮማንዳንቱ ያዩት ይህን ነው፤ ንቀት መሰላቸው። የተሸነፈ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቁም መሰለኝ፣ ተሸንፈው አያውቁማ ... ገና።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" ብለው ጠየቁ። አሥሩም ዝም። ተመልካቹ ዝም። የይርጋጨፌ ሰው እንኳ፣ ጠላታችን እኮ ነው፣ አቀርቅሮ ዝም። ምን ዓይነት የማይረባ ሕዝብ ነው በይኝ፣ የተጠየቀውን የማይመልስ! ደግነቱ በረኛችን ነበረ። አስተርጓሚው ፊት ቆመና አንድ በአንድ ቆጠረላቸው። ስም ከነአባት ስም፣ ሰፈር ከነደጃፉ። የማን ሱቅ ውስጥ እንደሚያድሩ፣ የማን ወንድም እንደሆኑ። አንድ አልሳተም! ሦስት ወር የተማረ ሰው እንደዚያ የሚያስታውስ ከሆነ ቄስ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት የቆዩት ምን ይሠራሉ?

"ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ይላሉ አባቶች። እሱ ሁለቱንም አሟላ። ሳይዝ ቀደደብን፣ ተናግሮ አስፈረደባቸው።

አሥራ አምስት ቀን መንገድ ላይ ድንጋይ ሲፈልጡ ሰነበቱ። ሸምሰዲንንማ አለቃ ነህ ብለው ገረፉት። ጀርባውን ቅቤ የቀባሁለት እኔ ነኝ ... ሸሚዙን ሳወልቀው ቀይ ነበር። የእንሶስላው ቀለም ነው አልኩ ለራሴ። እንሶስላው ግን ከለቀቀ ቆይቶ ነበር፣ የትምዬ።

ኳሷን ወሰዷት። ቡድኑም በዚያው ቀረ። ሜዳውን አይተሽዋል አይደል? ካሚዮን ያድርበታል። እኔ ግን እሑድ ሲደርስ እግሬ ዝም ብሎ ወደዚያ ይወስደኛል። ካሚዮኖቹን ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ። ይርጋጨፌ ሰባት ለባዶ ቢያሸንፈን፣ እንዲያው በየሳምንቱ ቢያሸንፈን ... ደስ ባለኝ ነበር።

አትዘኚ፣ ጠጪ እንጂ። ሰው የሥራውን አያጣም። በሳምንቱ ኮፍያና የወታደር ጫማ ሰጥተው የኮማንዳንቱ ቢሮ በር ላይ አቆሙት። ያው በረኛ ነበር፣ ያው በረኛ ነው። እዚያ በርማ ዝንብ አታልፍም ይላሉ! ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል ነበር፤ የኛው ቀድሞ ጮኾ ኋላ በላ። ብልህ ነው። ልጅሽ አትራብም።

እኔ የምለው ... ጠጋ በይኝ፣ ግድግዳው እንዳይሰማን ... ልጅሽ ገበየሁስ እንዴት ነው? ዱመርሶ ቡና ለቀማ ሄደ ብለሽኝ ነበር። ... አሁንም ለቀማ ላይ ነው? ስምንት ወር ሙሉ! ምን ዓይነት ቡና ነው፣ ለቅመውት የማያልቅ? ... ኧረ እኔ አልጠየቅሁም፣ ብርዙን ቅመሽው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሎና ቆጮ ቋጥረሽ ወደ ጫካው ጥግ ስትወርጂ አላየሁሽም። ጎረቤቱም አላየሽ። የዲላ ሰው የማያይ ሕዝብ ነው፤ ቅድም ነገርኩሽ እኮ፣ ሲጠይቁት የማይመልስ።

ብቻ ደስ ያለኝ ለገበየሁ ነው። እስካሁን የት እንዳለ የሚያስታውስለት እናቱ ብቻ ነበረች። አሁን አማች ሊያገኝ ነው። ማስታወስ የሚችል አማች! በሰርጉ ማግሥት ከጎንሽ ቁጭ ብሎ "እማማ፣ የፀዳለ ወንድም የት ነው?" ይልሻል፤ አንቺም እንደ እናት ትነግሪዋለሽ። ለልጅ ምን ይደበቃል? ነግረሽው ሳትጨርሺ አውቶሞቢል በደጅሽ ቢያልፍም አትደንግጪ። ቀኝ እጁን አውቀዋለሁ፣ አይሰንፍም።

... ምነው ተነሳሽ? ብርዙን እኮ አልነካሽውም። ማርም ጠላት አለው? ... እሺ፣ እሺ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ሂጂ። ነጠላሽ ወድቋል፣ እንኪ። እሑድ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደምትመልሺ እኔ አልነግርሽም፤ የልጅሽ ነገር ያንቺ ነው።

ቆይ፣ ሳልመርቅሽማ አትሄጂም። እግዜር ቤትሽን ሙሉ ያድርገው። ፀዳለን ከነወንድሟ ያሰንብትልሽ። አማችሽም እንደ ልጅ ይሁንልሽ፤ የዘመድ አዝማድሽን ስም ከነአባት ስሙ፣ ሰፈሩን ከነደጃፉ ይወቅልሽ። የበርሽንም ነገር ከእንግዲህ አታስቢ። ያን እሑድ የዲላን በር እንደጠበቀ፣ ያንቺንም በር እንደዚያው አድርጎ ይጠብቅልሽ።

አሜን በይ እንጂ፣ የትምዬ።