ከማድ ቤቱ በር ኋላ

ልብስሽ ደረቀልሽ ወይ? ዛሬስ ደግ ፀሐይ ወጣ። እስቲ አረፍ በይ፣ ላጫውትሽ። የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ለቀረጻው ቀን ቀሚስ ያጠበበችላት እሷ አይደለች? የማንን ቀሚስ... ስም ጠርቼ ምን ላተርፍ። ደግሞ ላማ አይደለም፣ ሙያ ላደንቅ ነው።

የባለ ቀሚሷ ልጅ፣ ፊልም የምትማረው፣ ለመመረቂያዋ «የእናቴ ማድ ቤት» ብላ ቤታቸው ልትቀርጽ ተነሳች። እናት የምስር ሾርባ ስትሠራ፣ በቃ። እናትየው ደስ አላት፤ ለምን አይላት? ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? የእሷማ ከልቧ ወጥቶም አያውቅ... ጭምት ናት።

ያን ቤት ሃያ ዓመት አብስላ የምታበላው የባልየው እህት፣ እትዬ ናት። ልጅቷስ አጥታው ነው? ግን የእናቷን አንገት ማን ያስደፋል። እመቤቲቱ እትዬን «አትታዪ፣ ብቻ ከበሩ ኋላ ቁሚልኝ» አለቻት። ወንበር እንኳ ሰጥታታለች፤ ደግ አይደለች? ታዲያ እመቤቲቱ ያቺ ደረቷ ላይ የተሰካችው ድምፅ መቅጃ የራሷን ድምፅ ብቻ የምትይዝ መስሏት...

«እትዬ፣ ጨው የቱ ጋ ነው?»

«በግራሽ፣ የኔ እመቤት። ኧረ እሱ ስኳር ነው፣ መልሺው።»

«ምስሩ ይታጠባል እንዴ?»

«ይታጠባል እንጂ።»

ሃያ ዓመት በኖረችበት ማድ ቤት ጨው ቢጠፋባት ይፈረድባታል? ቤቱ ሰፊ ነው እኮ።

ልጅቷ በኋላ ሹክሹክታውን ብትቆርጥ፣ ብትቆርጥ፣ ያለ እሱ ሾርባው አልበስል አለ። እንዳለ ወሰደችው። መምህሯ ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከበሩ ኋላ ያለችው ማን ናት? እሷን ሳታሳዪኝ አትመረቂም።» የቀራት አራት ቀን። እናትየው ሰማች፣ አለቀሰች፤ «እሷ የምትገባ ከሆነ እኔን አውጪኝ!» አለች።

እንግዲህ የእናቷን ቃል የምትሰማ ልጅ ማሳደግም አንድ ሙያ ነው... አወጣቻት። እትዬን ከበሩ ኋላ ጠርታ ምድጃው ፊት አቆመቻት፤ የፊልሙንም ስም «የአክስቴ ማድ ቤት» አለችው።

ልጅቷ ተመረቀች። እትዬን ፊልሙን ያየ ባለ ምግብ ቤት ወሰዳት፤ ዋና አብሳይ ናት። ባልየው ምሳውን እዚያ ይበላል፣ አሁን አሁን እራቱንም። እመቤቲቱ ቤቷ አለች።

እኔማ ክፉ አልመኝላትም፣ እህቴ። ያን የመሰለ ለስላሳ እጅ... እግዜር ከእሳት ይጠብቅላት፣ እስከ ዛሬ እንደጠበቀላት።