ሰባቱ የሸክላ ሴቶች

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ቀጨኔ ሠፈር ካለው ቤታቸው ጀርባ ባለችው ሜዳ እሳት አንድደዋል፤ ቀራፂ ልጃቸው መቅደላዊት ደግሞ ለኤግዚቢሽን ያዘጋጀቻቸው ሰባት ሐውልቶች እሳቱ ውስጥ ናቸውና ዓይኗን ከዚያ መንቀል አቅቷት አጠገባቸው ቆማለች።

ወርቅያንጥፉ፦ መቼ ነው የሞትኩት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

መቅደላዊት፦ እማዬ፣ ነፋሱ መጣ። በዚያ በኩል ተከፍቷል፤ ኩበት ጨምሪበት።

ወርቅያንጥፉ፦ አይቼዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሸክላ ሳቃጥል ነፋሱን የሚያሳየኝ ሰው አልቀጠርኩም። መቼ ሞትኩ ነው ያልኩሽ።

መቅደላዊት፦ ማን ነገረሽ?

ወርቅያንጥፉ፦ ጎረቤቴ እታፈራሁ። ከተማ ወርዳ የኤግዚቢሽንሽን መጽሔት አገኘችና ደስ ይላታል ብላ ልታነብልኝ መጣች። መጀመሪያ ፎቶሽን አሳየችኝ፤ አምሮብሻል። ከዚያ ማንበብ ጀመረችና መሐል ላይ ቀጥ አለች። መነጽሬ ነው አለችኝ። መነጽርሽ ምንም አልሆነም፣ ጨርሺው አልኳት። «በሕይወት የሌሉት የመጨረሻዋ ሸክላ ሠሪ የእጅ ጥበብ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳግም ነፍስ ዘራ» ይላል። እታፈራሁ ሻይዋን ሳትጨርስ ነው የሄደችው።

መቅደላዊት፦ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። የአዳራሹ ሰዎች ናቸው።

ወርቅያንጥፉ፦ እንደዚያ ከሆነ እኔም ኩበቱን አልጨምርም።

መቅደላዊት፦ እማዬ፣ ይሰነጠቃሉ እኮ።

ወርቅያንጥፉ፦ ይሰነጠቃሉ። ለአንድ እውነት አንድ እቅፍ ኩበት እጨምርልሻለሁ። ዋጋው ይኸው ነው።

መቅደላዊት፦ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

ወርቅያንጥፉ፦ ይኸው፣ ይቺን ያዥ። አሁን ደግሞ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።

መቅደላዊት፦ በሕይወት አለች ብላቸው «ታዲያ ለምን ራሷ አትሠራውም?» ይላሉ። ከሞተች ግን ማሽኑ ሊጠፋ የነበረ ነገር አዳነ ይባላል። ሥራው ክብደት የሚያገኘው እንደዚያ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ አራት ወር ሙሉ ሽቦ የተተከለበት ጓንት እያጠለቅሽልኝ ድስት ስሠራ ቀረጽሽኝ። በጓንት ጭቃ መንካት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ካልሲ በእጅ አጥልቆ ሕፃን እንደማጠብ ነው። ለምንድን ነው ብልሽ፣ ለማስታወሻ ነው አልሽኝ። ልጄ ልታስታውሰኝ ነው ብዬ ቻልኩት።

መቅደላዊት፦ ያኔ ውሸቴን አልነበረም። ማሽኑ የእጅሽን አካሄድ ሲማር አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ጭቃውን ኬክ ላይ እንደሚጨመቅ ክሬም በቱቦ እየተፋ፣ ካንቺ ጣት ተምሮ፣ ማንም አይቷቸው የማያውቅ ሴቶች ሠራ። አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው። እሳቱን ብቻ አልቻለበትም። ሦስት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሞከርን፣ ሦስቱንም ጊዜ ፈነዱ።

ወርቅያንጥፉ፦ ስለዚህ ሬሳዋን ቀሰቀሳችኋት።

መቅደላዊት፦ እማዬ፣ ኩበቱን።

ወርቅያንጥፉ፦ ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እቅፍ ይበቃዋል። የቀረውስ?

መቅደላዊት፦ ቅዳሜ መክፈቻው ላይ የናሆም እናት ይመጣሉ።

ወርቅያንጥፉ፦ ናሆም የምታገቢው ልጅ ነው። እናቱ ቢመጡ እኔ ምን አገባኝ?

መቅደላዊት፦ እትዬ ሙሉመቤት ዘሩን ሳይጠይቁ ሰው አይጨብጡም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ ቀጨኔ ነው ያደግሁት ብላቸው፣ ልጄን ቡዳ ሊበላብኝ ነው ብለው በዚያው ቀን ያስጥሉኛል። እናቴ ልጅ ሳለሁ አንኮበር ሞተች አልኳቸው። መጽሔቱ ላይ ያለችውን ሸክላ ሠሪ ደግሞ የማላውቃት ባዳ አደረግኋት።

ወርቅያንጥፉ፦ እናትሽን አንኮበር ቀበርሽ፣ ሸክላ ሠሪዋን መጽሔት ላይ። ሁለት ጊዜ ገደልሽኝ ማለት ነው።

መቅደላዊት፦ ማን አስተማረኝ?

ወርቅያንጥፉ፦ ምን አልሽ?

መቅደላዊት፦ ትምህርት ቤት ያስመዘገብሽኝ ቀን ሰባት ዓመቴ ነበር። መምህሯ እናቷ ነሽ ወይ ስትልሽ፣ ሠራተኛቸው ነኝ አልሻት። ስንመለስ እጄን ይዘሽ፣ ሰው ፊት እማዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ አልሽኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በር ላይ ስትጠብቂኝ «ሠራተኛችን መጣች» እያልኩ ነው የወጣሁት። ጭቃ ስነካ ደግሞ እጄን በልምጭ ትመቺኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ድስት መሥራት ብቻ ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ካንቺ በፊት የአጎትሽን ልጅ ትምህርት ቤት ምሳዋን ብቻዋን ነበር የሚያስበሏት። የነካችውን ኩባያ ሌላ ልጅ አይጠጣበትም። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ነው ያደረግሁት።

መቅደላዊት፦ እኔም ለዚያው ነው። አንቺ የጀመርሽውን ነው የጨረስኩት።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔ የደበቅሁት ራሴን ነው። አንቺ የደበቅሽው እኔን ነው። ቅዳሜ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመሽ በእጄ ጥበብ ልትወደሺ፣ እኔን ከዚህ ሜዳ ላታሳልፊኝ።

መቅደላዊት፦ ሸክላ ሠሪ ሆነሽ ብትመጪ አንቺን አያዩሽም እማዬ። እግርሽን፣ ጭቃሽን፣ ቡዳሽን ነው የሚያዩት። ከሞትሽ ግን ያከብሩሻል። ከኖርሽ ይልቅ ሞተሽ ነው የምትጠቅሚኝ። እውነት አይደል የፈለግሽው? ይኸው።

ወርቅያንጥፉ፦ ይቺ ሙሉ እቅፍ ናት። ጨመርኩልሽ። አንድ ዙር ብቻ ቀረ፤ ሣሩና የባሕር ዛፉ ቅጠል ካልተደፋበት ሁሉም ከንቱ ነው። ስልክሽን አውጪና ለናሆም እናት ደውዪ። እናቴ በሕይወት አለች፣ አጠገቤ ቆማለች በይ። ሌላ አልፈልግም።

መቅደላዊት፦ አታድርጊኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ጢሱ እየሳሳ ነው። እኔ አልቸኩልም፣ የሞተ ሰው ምን አስቸኮለው።

መቅደላዊት፦ (በስልክ) ጤና ይስጥልኝ እትዬ ሙሉመቤት። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ሥራው ሊያልቅ ነው። እዚያው ሴትዮዋ ጋ ነኝ፤ እሳቱን የምታነድልን። አዎ፣ አጠገቤ ናት። ጎበዝ ናት። አይ፣ ምንም አልበላሁም፣ ውኃም አልጠጣሁም። አዎ፣ የሰጡኝ ክታብ አንገቴ ላይ ነው። እሺ፣ ቅዳሜ እንገናኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ክታቡ ከምን እንዲጠብቅሽ ነው?

መቅደላዊት፦ እኔ አላምንበትም። እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ከምን እንዲጠብቅሽ ነው?

መቅደላዊት፦ ካንቺ።

ወርቅያንጥፉ፦ ዞር በይ፣ ሣሩን ልድፋበት።

መቅደላዊት፦ ልትሸፍኚው ነው?

ወርቅያንጥፉ፦ ሥራ እሳት ላይ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ማሽንም ይሥራው ሰው፣ ጭቃው ምን አጠፋ። ይኸው፣ ቅጠሉም ገባ። ከእንግዲህ ነፋስ አያገኛቸውም። ነገ ጠዋት ሲበርድ መኪናሽን ላኪ፤ ሰባቱም ደህና ይወጣሉ።

መቅደላዊት፦ እማዬ፣ ቀን ሲያልፍ እክስሻለሁ። ከሠርጉ በኋላ፣ ቀስ ብዬ።

ወርቅያንጥፉ፦ ሰኞ ስታራግፊያቸው ገና እርጥብ ነበሩ። ጥላ ውስጥ ይሰንብቱ አልኩሽ።

መቅደላዊት፦ አዎ፣ አውቃለሁ። ያ ነው ያተረፋቸው።

ወርቅያንጥፉ፦ እታፈራሁ መጽሔቱን ያነበበችልኝ በዚያው ማታ ነው። በማግስቱ በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እንደ ጌጥ እያየሁ በሚስማር ጭቃቸው ላይ ገለበጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ተንሻፎብኛል። ከሦስተኛዋ በኋላ ግን እጄ ለመደው፤ ጓንት አልነበረበትማ።

መቅደላዊት፦ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ወርቅያንጥፉ፦ «መቅደላዊት፣ የሸክላ ሠሪዋ የወርቅያንጥፉ ልጅ፣ ቀጨኔ።»

መቅደላዊት፦ የት ላይ? ከሥር ነው አይደል? መቀመጫቸው ላይ?

ወርቅያንጥፉ፦ ደረታቸው ላይ ነው፤ ዛሬ አንቺ ሳትደርሺ እሳት ውስጥ የደረደርኳቸው ለዚህ ነው። እሳት ከገባው በኋላ አይፋቅም፤ ካፈርሽበት እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ፣ ሰባቱንም በእጅሽ ስበሪያቸው።