ስለ ሕፃን ቴሳ እና ስለ በቆሎው ጋሪ የተሰጠ የእርማት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ጌሪት ሆክስትራ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ቀድሞ ገበሬ፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ አዮዋ ግዛት፣ ሄሮን ክሪክ ከተማ፣ የቤት ቁጥር 41
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እሁድ ኦክቶበር 15 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡20 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ትናንት ቅዳሜ በአደጋው ስፍራ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃል ምክንያት የዱባ እርሻው ባለቤት ዌንደል ፕራንገር በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥሮ እየተመረመረ መሆኑን ስለሰማሁ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን ላርም መጥቻለሁ።

ትናንት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከልጄ ከካርላና ከአራት ዓመት ልጇ ከቴሳ ጋር ወደ ዌንደል እርሻ ሄድን። በየዓመቱ ዱባ ሲደርስ እንሄዳለን። ዌንደል በልጅነቱ እኔ ዘንድ ተቀጥሮ እርሻ የለመደ ሰው ስለሆነ ገና ስንገባ "ሽማግሌው፣ ዘንድሮም አለህ እንዴ? እኔ እኮ የቀብር አበባ ላዝዝልህ ነበር" አለኝ። እኔም "ዱባህ ከሎሚ በልጦ ሳላይማ አልሞትም" አልኩት። ቴሳ አንድ ትንሽ ዱባ መረጠች፤ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ድርቆሽ ላይ ተቀምጠን ማሳውን ዞርን።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ካርላ ዶናትና ትኩስ የፖም ጭማቂ ልትገዛ ተሰለፈች። እኔ ቴሳን ልጆች ወደሚጫወቱበት፣ ደረቅ የበቆሎ ፍሬ ወደተሞላው ትልቅ ሣጥን ወሰድኳት። ትልልቆቹ ልጆች ፍሬ ዓይኗ ላይ ስለበተኑባት አለቀሰች። እኔም አንስቻት ከጎተራው ጀርባ ወደቆመው የእህል ጋሪ ሄድኩ። ጋሪው አፉ ድረስ በቆሎ የተሞላ፣ ከሥሩ የማራገፊያ በር ያለው ነው።

ትናንት የደበቅሁት ይህን ነው። በጋሪው መሰላል ላይ ገመድ ታስሮ፣ መውጣት ክልክል ነው የሚል ትንሽ ሰሌዳ ተንጠልጥሎበት ነበር። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ቴሳን "ይሄ ገመድ ለከተማ ሰው ነው፣ እኛን አይመለከትም" አልኳት። እኔም፣ እናቷም፣ በአካባቢያችን ያለ የገበሬ ልጅ ሁሉ በመከር ጊዜ እህል ላይ እየተንከባለልን ነው ያደግነው። መሬቴን ከሸጥኩ ወዲህ ለልጅቷ ይህ የእኔ ነው ብዬ የማሳያት ነገር አልነበረኝም። የሚፈስ እህል ሰው እንደሚውጥ አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት ያረስኩ ሰው ነኝ። ሆኖም በቅዳሜ ቀን ማን ያራግፈዋል በሚል ግምት በቆሎው ላይ አስቀመጥኳት። ፎቶ ላነሳት ወርጄ ራቅ ስል "አያቴ፣ እየኝ!" አለች።

በዚህ ጊዜ ዌንደል የልጆቹን ሣጥን ሊሞላ በጋሪው በሌላኛው በኩል መጥቶ የሥሩን በር ከፈተ። እሱ ከቆመበት ላዩ አይታይም። በቆሎው ሲፈስ ሰምቼ ብጮህም የትራክተሩ ድምፅ ዋጠው። መሰላሉን ስወጣ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ያለው እጇ ብቻ ነበር የሚታየው። ይዤ ጎተትኩ። እጄን ጨበጠችኝ፤ በቆሎው ግን አለቀቃትም። ዌንደል ጩኸቴ በመጨረሻ ሲደርሰው በሩን ዘግቶ ወጣና በእጁ ይዝቅ ጀመር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጋሪውን ጎን ቆርጠው ከቀኑ 6፡10 ላይ አወጧት። መጨበጧን ያቆመችው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሆስፒታል እንደደረስን መሞቷ ተነገረን።

እዚያው እርሻው ላይ ፖሊስ ሲጠይቀኝ "ገመድ አልነበረም፣ ዞር ስል ራሷ ወጣች" አልኩ። ካርላ ይህን ሰምታ "አንተ አረመኔ፣ አንዲት ገመድ ማሰር አቃተህ?" እያለች ዌንደል ላይ ስትጮህ፣ ትከሻዋን ደግፌ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ዌንደል "ያሰርኩት መስሎኝ ነበር እኮ" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አስሮታል። ገመዱ ከነሰሌዳው ሌሊቱን በካፖርቴ ኪስ ውስጥ አደረ፤ ዛሬ ለመርማሪዋ አስረክቤዋለሁ።

ልጄ ካርላ አሁን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መኪና ውስጥ ሆና እየጠበቀችኝ ነው። በዌንደል ላይ ልመሰክር የገባሁ ነው የሚመስላት። ወጥቼ የምነግራት እኔው ራሴ እንድሆን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የትናንቱ ቃሌ ሐሰት ነው። የዛሬው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው፤ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጌሪት ሆክስትራ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ሎይስ ቫንደርፑል