ቬንትሌተር ለሐጂ

ድሬዳዋ ውስጥ ከታይዋን ገበያ ወደ መጋላ ሰፈር በምትሄደው ባጃጅ ውስጥ አራት ነበርን፤ ሾፌሩ ጀማል፣ ከኋላ አዴ ዘይነባ፣ ጎረቤታቸው አስቴር፣ ጥግ ላይ ደግሞ እኔ። ስማቸውን ያወቅሁት ሲጠራሩ ነው። አዴ ዘይነባ አዲስ ቬንትሌተር፣ ያው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ በካርቶኑ አቅፈዋል።

«በዚህ ሙቀት ጥሩ አደረጉ፣ አዴ» አለች አስቴር።

«ለሙቀት አይደለም። የጉንፋን ወረርሽኝ ሊመጣ ይችላል፣ ቤታችሁን አዘጋጁ ተብሏል። የባሰበት ሰው ያለ ቬንትሌተር አይተርፍም አሉ። ባለቤቴ ሐጂ ደግሞ ደረቱ ደካማ ነው።»

«ኧረ አዴ! እሱ ሆስፒታል ያለው የመተንፈሻ ማሽን ነው።»

«ይሄስ አየር አይደል የሚሰጠው?»

ጀማል ሳቀ። «አቦ፣ እውነታቸውን ነው!»

«አትሳቅ አንተ! ታዲያ ሐጂን በምን ላድነው?»

«በሳሙና፣ በማስክ» አለች አስቴር። «አንድ ክፍልም ያዘጋጁ። የሚያስለው ሰው መስኮት ተከፍቶለት ለብቻው እዚያ ይተኛል።»

«ቬንትሌተሩስ?»

«ከታማሚው ጋር ይሁን።»

አዴ ዘይነባ ካርቶኑን ጠበቅ አድርገው አቀፉ። «በድሬ ሙቀት? ወላሂ፣ ዛሬውኑ ቤቱ ሁሉ ያስላል! ቀድሞ የሚያስለው ደግሞ ራሱ ሐጂ ነው።»

እኔ አቧራው የቀሰቀሰብኝን ሳል ውጬ መጋላ ወረድኩ፤ በዚያች ባጃጅ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የሳትኩት ቃል ካለ ጨምሩበት።