እንደ ጠበል የተዋጠ ክኒን

ከአራዳ ወደ ሆስፒታሉ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ትውውቃቸው እዚያው ነው።

"እርስዎም እጥበት ነው የሚሄዱት?"

"አዎ ልጄ፣ የኩላሊት። ሁለት ዓመት ሆነኝ።"

"ባለቤቴም እዚያው ነው። ዳቦ ልወስድለት ነው።"

"ሐኪሙ ባለፈው ደረቴን ራጅ አስነስቶ፣ የደም ሥሬ ኖራ እንደያዘው ቧንቧ እየደረቀ ነው አለኝ። ልብ ያደክማል አሉ።"

"ለእሱ የሚሰጡትን ክኒን አይውጡም እንዴ፣ አያ? ለባለቤቴም ሰጥተውታል።"

"ምነው አልውጥ? አንድ ቀን አላጎደልኩም። ገና ሲነጋ፣ እህል ሳልቀምስ፣ አማትቤ ነው የምውጠው።"

"በባዶ ሆድ?"

"እንደ ጠበል ነዋ።"

"አያ፣ እሱ እኮ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። የደም ሥር የሚያደርቀውን ከእህሉ ለቅሞ እንዲያወጣ ነው። ሆድ ባዶ ከሆነ ምኑን ይለቅማል?"



"ነግረውኝ ነበር። መድኃኒት ከእህል ጋር መቀላቀል ነውር መሰለኝ።"

"ከዛሬ ይጀምራሉ። ይዘውታል?"

"ኪሴ ውስጥ ነው።"

"እንኩ፣ ከዳቦው ይቁረሱ።"

"የባልሽን?"

"እሱ ግማሹንም አይጨርሰው።"

"ጠበሉንስ ምን ላድርገው?"

"ጠበሉን እንደ ልማድዎ በባዶ ሆድ፣ ጉንጭ ታህል። ክኒኑን ከጉርሻ ጋር።"

"ሸጋ ነው። ስምሽ ማነው?"

"ዘሃራ።"

"ሐሙስም ትመጫለሽ፣ ዘሃራ?"

"እመጣለሁ። ዳቦ እጨምራለሁ።"

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ዳቦው ተበልቶ ሳያልቅ ግን ወራጅ ማለት ከበደኝ።