የሮክ ዘፋኙ ጩኸት

ማንኩሳ አክስቴ ዘንድ ሄጄ፣ አዲሱን ስፒከሬን በረንዳ ላይ አስቀምጬ የምወደውን ሮክ ለቀቅሁት። ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህባት ቦታ አለች፤ እሷ ስትደርስ ድምፁን ጨመርኩ። ወዲያው ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ እየሮጠ ግቢውን ሞላው። እዚያ አገር ጩኸት ሰምቶ መቅረት ነውር መሆኑን ረስቼው!

በኀፍረት ዘፈን ነው አልኳቸው። ሌሎቹ እየሳቁ ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ ግን ቁና ቁና እየተነፈሱ ስፒከሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«እንጃ አባቴ፣ ቃሉ አይለይልኝም።»

«ስንት ጊዜህ ነው ስትሰማው?»

«አሥር ዓመት ይሆነኛል።»

ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙና «አሥር ዓመት ሙሉ ሲጮህ እየሰማህ፣ አንድ ቀን ምን ሆንክ አላልከውም?» አሉኝ።